ሕዝብ መሪውን የማይከዳው ስለ ምን ነው?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በ1955 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር የአርጀንቲና የጦር መኰንኖች ፕሬዚዳንቱን ጄኔራል ሁዋን ፔሮንን ከሥልጣን አውርደው ከአገር ባስወጡት ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሏቸው ነበር። (ዘመኑንም ወሩንም የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።) በሚከተለው ዓመት፥ በማርች 1956፥ አንድ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ የፔሮንን ስም መጥራትን፥ የሟች ሚስቱን የኤቫን ስም ማንሣትን፥ ምስላቸውን በቤት መስቀልን፥ የፓርቲያቸውንም መዝሙር መዘመርን የሚከለክልና በእስራት የሚያስቀጣ ነበር። ጋዜጦችም ስሙን መጻፍ ስለ ተከለከሉ «ሸሽቶ የሄደው አምባገነን» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ፔሮን ከሥልጣን ከወረደ 18 ዓመት አለፈ። በ1973 ዓ.ም. ይኸው ስሙ እንዳይጠራ ታውጆበት የነበረው ሰው፥ ዕድሜው 77 ደርሶ፥ ጤናውም ተጓድሎ ወደ አገሩ ተመለሰና ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ከመቶ መራጭ ከ60 የሚበልጠው ድምፁን ለእርሱ ሰጠ። በእኛ አገር «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። እዚያ ግን ምሳር የበዛበት ግንድ አቈጠቈጠ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግራችን ይህን ለመመርመር ነው።

ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው። ሕዝቡ ያልተማረ ስለ ሆነ በአንደበተ ርቱዕ ሰው ተታለለ ይላሉ። ከዚህ ጠለቅ ብለው የተመራመሩት ደግሞ ጀርመናዊውን ሊቅ ማክስ ቬበርን ይጠቅሳሉ። ቬበር ከሞተ በኋላ በ1922 ዓ.ም. በታተመው ትልቅ መጽሐፉ፥ ሰዎች ለሥልጣን የሚገዙት በልማድ፥ ወይም በሕግ፥ ወይም ደግሞ በመሪው ላይ አድሮ በሚያዩት ልዩ ጸጋ ነው ሲል አስረድቶአል። ይሁን እንጂ ቬበር ራሱ እንደ ጻፈው፥ በጸጋ የሚገዛ መሪ ጸጋውን ዘወትር በሥራ ማስመስከር አለበት፤ ድሉ ከራቀው ተከታዩም ይርቀዋል። ፔሮን ግን ተሸንፎ ተሰደደ፤ በፓራጓይ፥ በፓናማ፥ በቬኔዙዌላ፥ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፥ በመጨረሻም በእስፓኝ እየተንከራተተ ኖረ። ያም ሆኖ መራጩ አልራቀውም። ስለዚህ ጸጋ የተባለው ነገር ብቻውን ምሥጢሩን አይፈታልንም። ምሥጢሩ ያለው፥ በእኔ አስተያየት፥ ከአደባባዩ ንግግር ይልቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

በጁን 1943 ዓ.ም. የአርጀንቲና የጦር ሠራዊት መንግሥቱን ያዘ። ሹመት በሚከፋፈልበት ጊዜ ኮሎኔል ፔሮን የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ጠይቆ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተረከበ። መሥሪያ ቤቱ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ኀይልም ክብርም የሌለው፥ ማንም የማይመኘው ክፍል ነበር። እዚህ ላይ አድማጮቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። አርጀንቲና ከዚያ በፊት የሠራተኛ ሕግ ያልነበራት አገር አልነበረችም። የእሑድ ዕረፍት በዋና ከተማው የታወጀው በ1905 ዓ.ም. ነው። የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚያዘው ሕግ የወጣው በ1929 ዓ.ም. ነው። ከሥራ ለሚሰናበት የንግድ ቤት ሠራተኛ ካሣ የሚያሰጠው ሕግ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ወጥቶአል። ሕጎቹ በሚገባ ተጽፈው፥ ታትመው፥ በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር። የሚያስፈጽማቸው ግን አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሠራተኛው አቤት ለማለት ቢመጣ ደጅ ጠንቶ፥ «ነገ ና» ተብሎ ይመለስ ነበር።

ፔሮን የሠራው ሥራ ከብዙው በኩል ሲታይ ይህን የተኛ ወረቀት ማስነሣት ነው። የሠራተኛ ማኅበራትን አለቆች ወደ ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። አሠሪውንና ሠራተኛውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አነጋገረ። በ1944 ዓ.ም. የሠራተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አደረገ። በዚያው ዓመት በእርሻ ላይ ተቀጥሮ ለሚኖረው የገጠር ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ፥ የዕረፍት ቀንና ንጹሕ ማደሪያ የሚያስገኝ ደንብ ወጣ። ከዚያ በፊት የገጠሩ ሠራተኛ ከጌታው ፈቃድ በቀር ሌላ ሕግ አያውቅም ነበር። በዲሴምበር 1945 ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የአንድ ወር ደመወዝ ተጨምሮ እንዲከፈል ታዘዘ፤ ይኸውም የ13ኛ ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። (እኛም 13ኛ ወር አለችን፤ ደመወዝ ብቻ ነው የጎደላት።)

ከዚህ ትእዛዝ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ የሰውዬው ኀይል መብዛት ያሳሰባቸው የጦር ጓደኞቹ ከሹመቱ ሁሉ አውርደው ማርቲን ጋርሲያ በምትባል ደሴት አስረውት ነበር። ኦክቶበር 17 ቀን 1945 ዓ.ም. ከቦነስ አይረስ ዙሪያ ካሉት የሥጋ ፋብሪካዎችና የሠራተኛ ሰፈሮች በሺህና በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ከተማው መካከል ጐረፈ። ድልድዩ ተነሥቶ መንገድ ቢዘጋበት ወንዙን በታንኳ ተሻገረ። ቀኑ ሞቃት ነበርና ብዙዎቹ ደክመው፥ ጫማቸውን አውልቀው፥ በመንግሥቱ ቤት ፊት ባለው የጌጥ ፏፏቴ ውስጥ እግራቸውን ነከሩ። ይህን የሚያሳየው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። በሌሊቱ ከ5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፔሮን ተፈትቶ በሰገነቱ ላይ ቆሞ ተናገረ።

የከተማው ጨዋ ሰው ይህን ሲያይ አፈረም፥ ፈራም። እነዚህን ሰዎች ሸሚዝ የለሾች፥ ጥቁር ራሶች እያለ ሰደባቸው። በ1947 ዓ.ም. አንድ የተቃዋሚው ፓርቲ የምክር ቤት አባል «የአራዊት ጎርፍ» እስከ ማለት ደርሶአል። ፔሮንና ኤቫ ስድቡን አንሥተው የክብር ስም አደረጉት። «ሸሚዝ የለሾቼ» እየተባለ በአደባባይ የተጠራ ሰው፥ ቀድሞ አንገቱን የሚደፋበት ነገር መኩሪያው ሆነለት። ደመወዝ በዋጋ መወደድ ሊቀልጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ክብር ግን አይቀልጥም። የተቃዋሚዎቹ ታላቅ ስሕተት፥ ፔሮንን የሰደቡ መስሏቸው መራጩን መስደባቸው ነው። በፌብሩዋሪ 1946 በተደረገው ምርጫ፥ አስቀድሞ በቦነስ አይረስ የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ስፕሩይል ብሬደን ፔሮንን በይፋ ተቃወመ። ፔሮንም «ብሬደን ወይስ ፔሮን?» የሚል ጥያቄ ለሕዝቡ አቀረበና ከመራጩ ከግማሽ የሚበልጠውን ድምፅ አገኘ።

ስለ ኤቫ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በ1947 ዓ.ም. የሴቶች የመምረጥ መብት በሕግ ጸደቀ፤ በ1951 ዓ.ም. ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሲሰጡ ፔሮን ከመቶ ከ60 በላይ አገኘ። ኤቫ በ1948 ዓ.ም. ባቋቋመችው የርዳታ ድርጅት የልብስ ስፌት መኪና፥ አልጋ፥ የሕፃናት መጫወቻ ታድል ነበር። ከየአገሩ ደብዳቤ ይጐርፍላታል፤ ባለጉዳይንም በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ራሷ እየተቀበለች እስከ ሌሊት ድረስ ትቀመጥ ነበር። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ከመንግሥት በመብት መገኘት ይገባው የነበረው ነገር ከአንዲት እመቤት እጅ በስጦታ ተገኘ። መብት ሲደርስህ ፈርመህ ትሄዳለህ፤ ስጦታ ግን ውለታ ነው፤ ውለታም ዕዳ ነው። የድርጅቱ ገንዘብ ከፊሉ ከሠራተኛው ከራሱ ደመወዝ እየተቈረጠ የሚመጣ መሆኑን ተቀባዩ ብዙም አያስበውም ነበር። ኤቫ በ1952 ዓ.ም. በ33 ዓመቷ በነቀርሳ በሽታ ስትሞት፥ ሬሳዋን ለመሰናበት ሕዝቡ ቀንና ሌሊት በዝናብ ተሰልፎ ቆመ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ለፔሮን ኦክቶበር 17ን ካዘጋጁለት ሰዎች አንዱ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኞች መሪ የነበረው ሲፕሪያኖ ሬየስ ነው። ሬየስ የሠራተኛው ፓርቲ ራሱን ችሎ ይኑር ብሎ ስለ ተከራከረ በ1948 ዓ.ም. ታስሮ እስከ 1955 ዓ.ም. በወህኒ ቤት ቆየ። የተቃዋሚው መሪ ሪካርዶ ባልቢን በ1950 ዓ.ም. ታሰረ። ትልቁ ጋዜጣ ላ ፕሬንሳ በ1951 ዓ.ም. ተወረሰ። የመንግሥት ሠራተኛውንም በሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። ደራሲው ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ዝቅተኛ ሥራ ነበረው። ፔሮንን ይቃወም ነበርና በ1946 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥቶ በገበያ የዶሮና የጥንቸል ተቈጣጣሪ ሆነህ «አድገሃል» ተባልሁ ሲል ራሱ ተናግሮአል። ቦርሄስ ሥራውን ለቀቀ። ሹመት ተደርጎ የሚሰጥ ስድብ ምን ያህል እንደሚመር በቢሮ የኖረ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ኢኮኖሚውም ቢሆን ደክሞ ነበር። ከጦርነቱ ጊዜ የተጠራቀመው ወርቅና የውጭ ገንዘብ አለቀ፤ ዝናብ ጠፋ፤ ስንዴ ለዓለም የምትሸጥ አገር በ1952 ዓ.ም. ማሽላ መሳይ እህል የተቀላቀለበት ጥቁር ዳቦ ለመብላት ተገደደች። ታዲያ መራጩ ይህን ሁሉ አላየም? አይቶአል። ነገር ግን ሰው የሚመርጠው ትናንት ማን እንደ ነበረ እያስታወሰ፥ ነገም በእርሱ ፋንታ ማን እንደሚመጣ እየገመተ ነው። በእርሱ ፋንታ የመጡትን ደግሞ አየ። ጁን 16 ቀን 1955 ዓ.ም. ፔሮንን ለመግደል የተነሡ አይሮፕላኖች በዋናው አደባባይ ላይ ቦምብ ጥለው ከ300 በላይ ሰው ገደሉ። ከመንግሥት ግልበጣው በኋላ የኤቫ ሬሳ ከነበረበት ተሰርቆ በ1957 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ በሐሰት ስም ተቀበረ፤ ለባሏ የተመለሰው በ1971 ዓ.ም. ነው። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም ታሰሩ። ሬሳ የሚሰርቅ መንግሥት የሟቿን ወዳጆች ያስለውጣል ብሎ ማሰብ ከየት የመጣ ጥበብ እንደ ሆነ አላውቅም።

ስሙን መጥራት ሲከለከል መራጩ ባዶ ወረቀት በሣጥን መክተት ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ባዶው ወረቀት ከመቶ 24 ያህል ሆኖ ከየትኛውም ፓርቲ በለጠ። በ1958 ዓ.ም. አርቱሮ ፍሮንዲሲ ፕሬዚዳንት የሆነው ፔሮን ከስደቱ ሆኖ ምረጡት ስላለ ነው። በ1962 ዓ.ም. የፔሮን ሰዎች በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር ምርጫ ቢያሸንፉ፥ የጦር ሠራዊቱ ፍሮንዲሲን ራሱን አወረደው።

ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል። በወጣትነቱ በሙሶሊኒ ታስሮ በኋላ ወደ አርጀንቲና የተሰደደው ጂኖ ጄርማኒ፥ የፔሮን ደጋፊዎች በቅርቡ ከገጠር የመጡና መድረሻ ያጡ ሰዎች ናቸው የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1971 ዓ.ም. ግን ሙርሚስና ፖርታንቲዬሮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፥ በማኅበር ተደራጅቶ ብዙ ዘመን የታገለው አሮጌው ሠራተኛም ጥቅሙን አስቦና መዝኖ ፔሮንን እንደ ደገፈ አሳዩ። እኔ ወደ ሁለተኛው አሳብ አደላለሁ። ሲፕሪያኖ ሬየስን የመሰለ ሰው በንግግር ብቻ የተታለለ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ በኋላ ተታልዬአለሁ ብሎ ቢያዝንም እንኳ።

ፔሮን ጁላይ 1 ቀን 1974 ዓ.ም. ሞተ። አንድ ጊዜ አሳስሮት የነበረው ባልቢን በቀብሩ ላይ የስንብት ንግግር አደረገ። ሥልጣኑን የወረሰችው ሦስተኛ ሚስቱ ኢሳቤል ሁለት ዓመት ሳትሞላ ማርች 24 ቀን 1976 ዓ.ም. በጦር ሠራዊቱ ተገለበጠች። ከዚያም በኋላ የሚወዱትም የሚጠሉትም ብዙ መንግሥታት ተፈራረቁ። በዲሴምበር 1945 የታዘዘውን የ13ኛውን ወር ደመወዝ ግን አንዳቸውም ሊያስቀሩት አልደፈሩም። ዛሬ ግማሹ በጁን፥ ግማሹ በዲሴምበር ይከፈላል፤ ተቀባዩም ማንንም ደጅ ሳይጠና ይወስዳል።