የተመራቂዎች ኑዛዜ

ኑዛዜ በሀገራችን የከበደ ቃል ነው። ተናዛዡ ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፣ የነፍስ አባቱን አስጠርቶ፣ መሬቱንና ከብቱን፣ ዕዳውንና አደራውን ለይቶ ይናገራል፤ የሰሙትም ቃሉን እንደ ማኅተም ይጠብቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ክብደት በመጠበቅ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ አዘዘ። በቃል ብቻ የሚደረገውን ግን ጠበብ አድርጎ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ወሰነው፤ ተናዛዡ ከ3 ወር በኋላ በሕይወት ከተገኘ ኑዛዜው ይፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ ሕግ ውጭ የሚኖር ሌላ ኑዛዜ አለ። ተናዛዡ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ኑሮን ገና ሊጀምር ነው። ምስክሮቹ 4 ሳይሆኑ አዳራሽ ሙሉ ናቸው። የሚወረሰውም ንብረት አይደለም፣ ጠባይ ነው። አንዱ ተመራቂ የማለዳ እንቅልፉን ከሌክቸር አዳራሹ የኋላ ወንበር ጋር፣ ሁለተኛው መምህር ያላነበበው የእጅ ጽሑፉን፣ ሦስተኛው ፈተና በተቃረበ ቁጥር የሚነሣበትን የሆድ ቁርጠት ለታናናሾቹ ይተዋል። ይህ የተመራቂዎች የቀልድ ኑዛዜ ነው። ታሪኩ ረዥም፣ ሥራውም ከሚያስቀው በላይ ነው።

የቀልድ ኑዛዜ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጅ ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት በሮማውያን ዘመን፣ ሊታረድ የተፈረደበት አንድ አሳማ የተናዘዘው ተደርጎ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ነበር። አሳማው የጀርባ ጸጉሩን ለጫማ ሰፊዎች፣ ጆሮውን ለደንቆሮዎች፣ ምላሱንም ለጠበቆችና ለለፍላፊዎች ያወርሳል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጐመው ቅዱስ ሄሮኒሞስ፣ የዘመኑ ተማሪዎች ቁም ነገሩን ትተው ይህንን እያነበቡ እንደሚስቁ በቅሬታ ጽፏል። ከ1,000 ዓመት በኋላም ፍራንስዋ ቪዮን የተባለው የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ በ1456 እ.ኤ.አ. በግጥም በጻፈው ኑዛዜ የጸጉሩን ቍራጭ ለጸጉር አስተካካዩ፣ አሮጌ ጫማውን ለጫማ ጠጋኙ ተወ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ በአሜሪካ ኮሌጆች የተመራቂዎች ቀን ሲከበር የክፍሉ ታሪክ፣ የክፍሉ ትንቢትና የክፍሉ ኑዛዜ በየተራ መነበባቸው ልማድ ሆነ። ኑዛዜውም ከኮሌጆቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርዶ በየዓመቱ በሚታተመው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ቋሚ ገጽ አገኘ።

በእኛም ሀገር መሬቱ ባዶ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ሀብቱ ደበሎ፣ አኩፋዳና የውሻ መከላከያ በትር ነበር። ዜማውንና ቅኔውን ከመምህሩ ይማራል፤ የትኛው መንደር ቍራሽ እንደማይነፍግና የየትኛው ቤት ውሻ ክፉ እንደሆነ ግን ቀድሞት ከገባ ተማሪ ይማራል። ኤልያስ መጎናጸፊያውን ለኤልሳዕ መተዉን ቀን የተማረ ልጅ፣ ማታ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ የአንጋፋውን የረኃብና የሽሽት ታሪክ እየሳቀ ይሰማ ነበር። መጎናጸፊያው ክብር ነው፤ የውሻው ታሪክ ደግሞ ቀልድ ነው፤ ጀማሪው በማግሥቱ ለልመና ሲወጣ የሚያድነው ግን ይኸኛው ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የጀመረው ያለ አንጋፋ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የትኛው መምህር ምን እንደሚጠይቅ የሚነግራቸው ታላቅ አልነበረም። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅም ሆነ በ1947 ዓ.ም. በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕንጻ ኮሌጅ የገጠማቸው ይኸው ነው። እነዚህና ሌሎቹ ኮሌጆች በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ግን አራት ኪሎና አምስት ኪሎ የራሳቸው አንጋፋዎች፣ የራሳቸው ቅጽል ስምና የራሳቸው ተረት ነበራቸው። በመጀመሪያው መንፈቅ ወድቆ የሚሰናበተው ተማሪ «የገና ተመራቂ» ይባል ነበር። ቀልዱ መራራ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በየሌሊቱ የሚፈራውን ነገር በስም ጠርቶ አፍ የሚያስከፍት ነበር።

ዓመታዊው የኮሌጅ ቀንም ለተማሪው አንደበት አደባባይ ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ይነበብበት የነበረው ይህ በዓል፣ በ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» ሲሰማበት ከጨዋታ ወደ ወቀሳ ተሻገረ። ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በማስተማር፣ እንዲያሳልፍ ተደረገ። ስለዚህም የካምፓሱ ጠባይ ወደ ገጠር ከተሞች ወረደ፤ የተመለሰውም አንጋፋ ትከሻው የሰፋ፣ የሚያወርሰውም የበዛ ሆነ።

የተመራቂዎች መጽሔት የዚህ ሁሉ ማደሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር ስም፣ ቅጽል ስምና «የመጨረሻ ቃል» ይሰፍራል። የመጨረሻው ቃል አንዳንድ ጊዜ ምስጋና፣ ብዙ ጊዜ ግን ኑዛዜ ነው። ለምህንድስና ተማሪ የሚተወው ውርስ በዘመኑ መሣሪያ ይታወቃል፤ ጫፉ የተሰበረ ስላይድ ሩል፣ ቀኝ ማዕዘኑ የማይታመን ቲ-ስኩዌር፣ በሦስተኛ ሙከራ የታለፈ የስትራክቸር ፈተና፣ በኋላም የሌላ ሰው ስም ያልጠፋለት ፕሮጀክት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በሀገራችን ታላቅና ታናሽ የሚነጋገሩበት ወግ የተጠበቀ ነው። ታናሹ «ጋሼ» ይላል፤ አንቱታውን አያጓድልም። ታላቁም በታናሹ ፊት ድካሙን መግለጥ ለክብሩ አይስማማውም። ክብርንና ማዕረግን ለማውረስ የምረቃው ሥርዓት፣ ካባውና ዲፕሎማው አሉ። ጉድለትን ለማውረስ ግን ከቀልድ በቀር በር የለም። «የሦስት ጊዜ ውድቀቴን ለእገሌ ተናዝዣለሁ» ያለ ተመራቂ ሁለት ነገር አስተማረ፤ አንደኛ ያ ትምህርት ሰው እንደሚጥል፣ ሁለተኛ የወደቀ ሰው ተነሥቶ እንደሚመረቅ። ይህን ሬጅስትራር አይነግርም።

ነገሩ ለመሐንዲስ ከካምፓስ ጨዋታ የሚያልፍበት ምክንያት አለው። በካናዳ የኩቤክ ድልድይ ሲታቀድ የመሐል ርዝመቱ ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ ከፍ ቢደረግም፣ የድልድዩ የራሱ ክብደት በጊዜው ዳግመኛ አልተሰላም። በሥራው ቦታ የነበሩ ሰዎች የታችኞቹ ብረቶች መጉበጣቸውን አይተው ነበር፤ ሆኖም ሥራውን የሚያስቆመው ቃል ኒው ዮርክ ከነበሩት ስመ ጥር አማካሪ መሐንዲስ ይጠበቅ ስለ ነበር ቃሉ ሳይደርስ ቀረ። በነሐሴ 1907 እ.ኤ.አ. ድልድዩ ወድቆ 75 ሠራተኞች ሞቱ። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካናዳ ወጣት መሐንዲሶች ቃል ኪዳን ገብተው በሚሠሩበት እጅ ትንሽ ጣት ላይ የብረት ቀለበት ያጠልቃሉ፤ በሥነ ሥርዓቱም ላይ የሚቀበሏቸው አንጋፋ መሐንዲሶች ናቸው። ቀለበቱና የቀልድ ኑዛዜው ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ታላቁ ለታናሹ «እኔም እሳሳታለሁ፣ አንተም ትሳሳታለህ» የሚልባቸው ናቸው። ይህን ከታላቁ አፍ የሰማ ወጣት፣ ብረት ሲጎብጥ ባየ ጊዜ አንጋፋውን ለመጠየቅ አያፍርም።

ውርሱ ሲቋረጥ የሚሆነውን ደግሞ የራሳችን ታሪክ አሳይቷል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለሁለት ዓመት ያህል መደበኛ ትምህርቱን አቋረጠ። በሩ ዳግመኛ ሲከፈት ደግሞ የቀይ ሽብር ወራት ተከተሉ። ከመጽሔቱ ገጽ ላይ ፎቶግራፋቸው ሊወጣ፣ የመጨረሻ ቃላቸውም ሊነበብ ይገባቸው ከነበሩት ብዙዎቹ በእስር፣ በስደትና በሞት ተለዩ። ያኔ የገባው ጀማሪ መጽሐፍና መምህር አላጣም ይሆናል፤ ያጣው በሳቅ መካከል «ከዚህ ተጠንቀቅ» የሚለውን ታላቅ ነው። ስም መጥራት፣ ቡድን መፍጠርና ድምፅን ከፍ አድርጎ መሳቅ በሚያስጠረጥርበት ጊዜ ደግሞ የሚናዘዝም፣ የሚወርስም አይገኝም።

ልማዱ ግን አልሞተም፤ ልብሱን ቀየረ እንጂ። ዛሬ ተመራቂው ነጭ ቲሸርት ለብሶ ባልንጀሮቹንና ታናናሾቹን ያስፈርማል፤ የአንዱ ክፍል ጠባይ በቀለም እስክሪብቶ ደረቱና ጀርባው ላይ ይጻፋል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ማሊያና ዋንጫ ሲሸጡ የኖሩት ሱቆች፣ የቡድን ስም በሚያትሙበት እጅ የተመራቂ ክፍሎችንም ስም አትመዋል። ከስታዲየም ማዶ ያለው ካዛንቺስ፣ ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የወረሰው ሰፈር፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሉ ፈርሷል። ወጣቱ ተመራቂ ከአንጋፋው ጋር ሻይ ይጠጣባቸው የነበሩ ቤቶች አብረው ሄደዋል። ድርጅቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ቤቶቹም ፈረሱ፤ ስሙ ግን በሰው አፍ ላይ ቀርቷል። ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ነገር ከግንብ እንደሚበረታ ግንብ የሚሠራው ባለሙያ ሊያውቀው ይገባል።

ሕጉ የቃል ኑዛዜን ዕድሜ በ3 ወር ወስኖታል። የተመራቂውም ቀልድ ብዙ ጊዜ ከክረምቱ አያልፍም፤ በመስከረም እርሱ ሥራ ላይ፣ ታናሹም አዲስ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሆኖም በካምፓስ የተጀመረው ኑዛዜ በሥራ ቦታ ሊቀጥል ይችላል። የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ በስሕተት የተነበበውን የአፈር ምርመራ፣ ዝናብ የወሰደውን የጊዜያዊ መንገድ ድልድይ በጡረታው ዋዜማ ይዞ የሚሄድ አንጋፋ ለወራሾቹ የተወው ዲፕሎማውን ብቻ ነው። እነዚህን በሻይ ሰዓት፣ እየሳቀም ቢሆን፣ ለሥር ሠራተኛው የነገረ ግን የተናዘዘው ከ500 ብር በላይ ነው፤ 4 ምስክርም አያስፈልገውም።