ልብ ወለድን መመርመር ከየት መጣ?

በአዲስ አበባ ሲኤምሲ ሰፈር የሚማር ልጅ «ልብ ወለድ ተንትን» ሲባል ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ጭብጥ ብሎ ይዘረዝራል። ይህ አሠራር ከዘመናዊ ትምህርት ጋር የገባ ነው፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመ ወዲህ የመጣ ነው። ጽሑፍን መበርበር ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ በመጽሐፍ ቤት መምህሩ በአንድ ንባብ ላይ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ይደረድራል።

«ያ ለቅዱሳት መጻሕፍት እንጂ ለወጣቶች የፍቅር ታሪክ አልተበጀም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ አንድምታ የተቀበለውን ያስተላልፋል እንጂ ደራሲውን አይሞግትም። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለ ልብ ወለድ የጻፉት ሐዲስ አለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ናቸው፤ ወጣቱን ገጸ ባሕርያቸውን በዛብህንም ከዚያው ዓለም አወጡት። የሌላውን የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርይ የጉዱ ካሳን ንግግር ላይ ላዩን ያነበበ ተማሪ የእብድ ቀልድ ይመስለዋል፤ ውስጡን ሲፈትሽ ግን በባላባቱ ሥርዓት ላይ የቀረበ ክስ ያገኛል። የዛሬው የቤት ሥራ ከሴራው ማጠቃለያ ይልቅ (እሱማ ከጓደኛም ይገለበጣል) ለዚህ ፍተሻ ነጥብ ይስጥ። መምህራን ሆይ፣ አንድ ምዕራፍ መርጣችሁ ተማሪዎቹን በሁለት ትርጓሜ አከራክሯቸው።