የመጠጥ ውሃን በቤት ውስጥ ማከም፦ ለላስታ ደጋማ አካባቢ የሚስማሙ ዘዴዎች

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ብልባላና በአካባቢዋ ከምንጭና ከወንዝ የሚቀዳ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት በቤት ውስጥ መታከም ይኖርበታል። በ2015 ዓ.ም በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ስፍራ የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ በሽታው ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አሳይቷል። ላስታም በየዓመቱ ለገና በዓል በርካታ ምዕመናንን ያስተናግዳል።

ማፍላት የታወቀው ዘዴ ነው። ይሁንና 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚበቃ ቢሆንም፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ እንዲቆይ ይመከራል። ማገዶ በቸገረበት ደጋ ግን ይህን በየዕለቱ መፈጸም ቀላል አይደለም።

ለዚህም የክሎሪን መድኃኒቶች አማራጭ ናቸው። «ውሃ አጋር» እና «አኳታብስ» ለጠራ ውሃ የሚሆኑ ሲሆን፣ «ቢሻን ጋሪ» ጭቃውንም ስለሚያዘቅጥ በክረምት ለሚደፈርስ ውሃ ይመረጣል። መጠኑ በማሸጊያው ላይ በሰፈረው መመሪያ መሠረት መሆን አለበት፤ እንክብሎቹ በተለያየ መጠን ስለሚዘጋጁ የጎረቤትን ልማድ መከተል ያሳስታል። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፈሳሽ ክሎሪን ፀሐይ ሲያገኘው ኃይሉ ይቀንሳል።

ውሃን በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ማጥለል አልቅትንና ጉድፍን ያስቀራል፤ ጀርምን ግን አያስቀርም። በበጋ የጠራ ውሃን ከ1 እስከ 2 ሊትር በሚይዝ ቀለም አልባ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ማስመታት ያለ ወጪ ያክማል። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ 2 ተከታታይ ቀናት ያስፈልጋሉ።

የሸክላ ማጣሪያ ያለው ቤተሰብ የውሃው አወራረድ ሲዘገይ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ ማጽዳት አለበት፤ ሳሙና አይነካውም። በዓይን በቀላሉ የማይታይ ስንጥቅ እንኳ ያልተጣራ ውሃ ስለሚያሳልፍ የተሰነጠቀው ሸክላ መለወጥ ይኖርበታል።

የታከመ ውሃ ዳግም የሚበከለው አብዛኛውን ጊዜ በማስቀመጫው ነው። አፉ ሰፊ ከሆነ ዕቃ በጣሳ እየጠለቁ ከመቅዳት ይልቅ አፈ ጠባብ ጀሪካን ክዳኑን ገጥሞ መጠቀም ይሻላል። ዕቃውን በወይራ ማጠን መዓዛ ቢሰጥም ሕክምናውን አይተካም። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ሲይዝ ሳሙናና ጠጠር ጨምሮ በኃይል መናጥ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።