ሕሊናና አክሲዮን

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንላለን። ገንዘቡ ራሱ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ዛሬ የሰው ገንዘብ ተረክበው አክሲዮን የሚገዙ ባለሙያዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ሠራተኛ መብትና ስለ ኩባንያ አመራር መጠየቃቸው የተለመደ ሆኗል። ልማዱ እንዴት ሥር እንደሰደደ ለመረዳት ወደ ደቡብ አፍሪካ ታሪክ መመለስ ይበጃል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፊላደልፊያው ባፕቲስት ቄስ ሊዮን ሰሊቫን በ1971 የጄኔራል ሞተርስ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ሆኑ፤ በኩባንያው የመጀመሪያው ጥቁር ዳይሬክተር ነበሩ። በዚያው ዓመት በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ፣ ኩባንያው ከአፓርታይድ አገር እንዲወጣ የቀረበውን ሐሳብ ከቦርድ ባልደረቦቻቸው ተለይተው ደገፉ። ድምፁ ሲቆጠር ሐሳቡ ወደቀ።

በ1977 ቄሱ ሌላ ዘዴ ይዘው ቀረቡ። በስማቸው የተጠራው መመሪያ፣ ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ ሳይለያይ በአንድ አዳራሽ እንዲበላ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል፣ ጥቁሮችም ሠልጥነው ለኃላፊነት እንዲበቁ ይጠይቃል። የፈረሙ ኩባንያዎች በየዓመቱ እየተመዘኑ ደረጃ ይሰጣቸው ጀመር። ለዛሬው የኩባንያዎች መመዘኛ ይህ እንደ ቅድመ አያት ሊቆጠር ይችላል። ከገንዘብ አስተዳዳሪዎች ብዙዎቹ መመሪያውን ወደዱት፤ አክሲዮናቸውን ሳይሸጡ ለወቃሾቻቸው መልስ የሚሰጡበት መጠጊያ ሆነላቸውና። ተቃዋሚዎች ግን «የመመገቢያው ግድግዳ ቢፈርስ፣ በአገሩ የመምረጥ መብት ለሌለው ሠራተኛ ምን ይፈይዳል?» ሲሉ ሞገቱ።

ክርክሩን ያፋጠነው ሥጋት ነበር። በ1985 አጋማሽ የፕሪቶሪያ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲያውጅ፣ ቼዝ ማንሃተን ባንክ የአጭር ጊዜ ብድሩን ማደሱን አቆመ። ሌሎችም ተከተሉት። የራንድ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ መንግሥት የአክሲዮን ገበያውን ለጊዜው ዘጋ፤ የውጭ ዕዳ ክፍያንም አገደ። በ1986 የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የጡረታ ገንዘቡን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲያወጣ በሕግ ወሰነ። ጄኔራል ሞተርስና ባርክሌይስ ባንክም በዚያው ዓመት ለመውጣት ወሰኑ። በ1987 ቄስ ሰሊቫን ራሳቸው መመሪያው አፓርታይድን እንዳላፈረሰ ገልጸው፣ ኩባንያዎች ሁሉ ጠቅልለው እንዲወጡ ጠየቁ። ማዕቀቡ ይነሣ ዘንድ ማንዴላ የተባበሩት መንግሥታትን የጠየቁት በ1993 ነው።

በ2006 ኮፊ አናን ኃላፊነት የተሞላበት የመዋዕለ ንዋይ መርሖችን በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይፋ ሲያደርጉ፣ ያ የቆየ ጥያቄ የባለሙያዎች ደንብ ሆነ። አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት፣ የአክሲዮን ሽያጩ ዘመቻ በኩባንያዎቹ ዋጋ ላይ ያደረሰው ጉዳት እምብዛም እንዳልነበረ አመልክቷል። አንዱ የሸጠውን ሌላው ይገዛዋልና። ፕሪቶሪያን ክፉኛ የጎዳት የብድሩ መቋረጥ ነው። ሆኖም ያንን አገር አደገኛ ደንበኛ ያደረገው፣ በየከተማው የታገለው ሕዝብና በየጉባኤው የጮኸው ድምፅ ነበር። ሕሊና ለብቻዋ ገበያውን አላሸነፈችም፤ የነገውን ኪሳራ ግን ከሒሳብ ሠራተኞቹ ቀድማ አይታለች።