ለድብርት ሕመም የታዘዘ መድኃኒት አወሳሰድ

በአገራችን ጤና ተቋማት ለድብርት ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ይገኙበታል። የሕመሙ ስሜት መቅለል የሚጀምረው መድኃኒቱ በየቀኑ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከተወሰደ በኋላ ነው። የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ ድብታ ወይም ማቅለሽለሽ ግን ቀድሞ ሊታይ ስለሚችል፣ ታካሚው «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳይተወው ያስፈልጋል።

ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ሕክምናው ከ9 እስከ 12 ወራት ሊቀጥል ይገባል። በድንገት ማቋረጥ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ስለሆነም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሩቅ ቀበሌዎች የሚመላለሱ ታካሚዎች፣ በተለይ መንገድ በሚበላሽበት ክረምት፣ መድኃኒቱ ከማለቁ ከሳምንት በፊት ወደ ጤና ተቋሙ ቢመለሱ ይመረጣል።

ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ማቋረጥ አይጠበቅባቸውም። አሚትሪፕቲሊን በአብዛኛው የሚወሰደው ማታ በመኝታ ሰዓት በመሆኑ ከጾም ጋር አይጋጭም፤ ፍሉኦክሴቲን ጠዋት የታዘዘለት ጿሚ ደግሞ ሰዓቱን ስለማዛወር የጤና ባለሙያውን ይጠይቅ። አረቄም ሆነ ጠላ መጠጣት ድብታውን ያባብሳል። ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ሳያማክሩ መጨመርም አደገኛ ነው።

አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘው መጠን በላይ ከተወሰደ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ስለሚችል፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ታካሚው ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ከሆነም መድኃኒቱን የቤተሰብ አባል ይያዝለት። እንዲህ ያለው ታካሚ ብቻውን ሳይተው፣ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊደርስ ይገባል።