ባዶ ሆኖ የሚታይ ቅጽ፤ ከመተማ ደብዳቤዎች እስከ ጋራ ማኅደር

ከላኪው እጅ ሞልቶ የወጣ ቅጽ ከተቀባዩ ዘንድ ባዶ ሆኖ መገኘቱ በኮምፒዩተር ዘመን የመጣ ችግር ይመስላል። በመሥሪያ ቤቶች በኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ለልዩ ሥራ የተዘጋጀ ፎርም፣ በተለምዶ ሼርድ ፎልደር በሚባለው የጋራ ማኅደር ሲቀመጥ፣ አንዱ ሠራተኛ ከፍቶ ስምና ቁጥሩን ሲያነብ ሌላው ነጭ ገጽ ብቻ ያያል። ወዲያውም ጥፋቱ በኔትወርኩ ይላከካል፤ ወይም ላኪው ሳይሞላ እንደላከ ተቈጥሮ ይወቀሳል። ሁለቱም ፍርዶች ብዙውን ጊዜ ስሕተት ናቸው። ቃሉ ደርሶ ቃሉ የሚነበብበት መልክ ሳይደርስ መቅረቱ ከኮምፒዩተር በፊትም የነበረ ነገር ነው፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ይህን ከመተማ ይበልጥ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

መተማ ከጎንደር በስተምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዛሬ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሚመረትበት ቆላ፣ ከሱዳን ጋላባት ጋር ፊት ለፊት የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደጋው የሚወርደውና ከሱዳን የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኝባት ታላቅ ገበያ ነበረች። የሥፍራው የተክሩር ሹማምንት ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር የሚከፍሉበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በዚያ ገበያ ሁለት ዓይነት ፊደል፣ ሁለት ዓይነት የዘመን አቈጣጠርና ሁለት ዓይነት ማኅተም ይገናኙ ነበር። የዘመኑ ነገሥታትም ይህን ሳያስቡበት አልቀሩም፤ የዐፄ ቴዎድሮስም ሆነ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ማኅተም በግዕዝና በዐረብኛ የተቀረጸ ነበር። ማኅተሙ ማን እንደላከው ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። መልእክቱ የሚነበብበትን መልክ ራሱ ይዞት ይሄዳል።

ማኅተሙ የሚናገረው ግን የላኪውን ማንነት ብቻ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በሳር ውኃ ድል አድርጎ ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። ይህም ሆኖ ዐፄ ዮሐንስ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ቢዋጉ የሚያልቀው ምንም ያልበደለው ድኃ ስለሆነ፣ ይልቁንስ በጋራ ጠላታቸው በአውሮፓውያን ላይ ቢተባበሩ ይሻላል የሚል ነበር። ደብዳቤው ደርሷል፤ ተነቧልም። ይሁንና ማሕዲውም ሆኑ ተተኪያቸው ኸሊፋ ዐብደላሂ እምነታቸውን ላልተቀበለ ንጉሥ የሚጽፉበት አንድ የታወቀ ሥርዓት ነበራቸው፤ ይኸውም ወደ እስልምና የመጥራት ሥርዓት ነው። ሃይማኖቱን ሳይለውጥ በእኩልነት ሰላም የሚጠይቅ ክርስቲያን ንጉሥ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የሰላሙ ቃል እንደ ድካም ምልክት ተቈጠረ፤ መልሱም ስድብ ሆኖ መጣ። አቡ አንጃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታሞ ሲሞት ዘኪ ጠማል ተተካ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ጥሶ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ።

እርግጥ ነው፣ ለጦርነቱ ምክንያት የሆነው ደብዳቤው ብቻ አይደለም፤ በመተማ የፈሰሰውንም ደም ከጽሕፈት ቤት ችግር ጋር ማመዛዘን አይገባም። ሆኖም ነገሩ የሚያስተምረው የአሠራር ቁም ነገር አለ። ደብዳቤው ባዶ አልነበረም፤ የሚነበብበት ቅጽ በተቀባዩ ዘንድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሥራዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ጕድለት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው። የውጫሌ ውል አማርኛውና ጣሊያንኛው ተለያይቶ ያመጣው መዘዝ ከታየ በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመውና ድንበሩን በጋላባት በኩል የሚያሳልፈው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የጸኑ እንዲሆኑ ተደረገ። በፖስታውም በኩል እንዲሁ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ሲያቋቁሙ በፓሪስ የታተመው ቴምብር በአገር ውስጥ ቢሠራም፣ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የሌላ አገር ቴምብር መጨመር ነበረበት። ቴምብሩ ጕድለት አልነበረውም፤ በተቀባዩ መዝገብ ግን አልታወቀም ነበር።

ችግሩ በእውነት የረቀቀው ፊደሉ ራሱ ወደ ሽቦ መግባት ሲኖርበት ነው። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው ቴሌፕሪንተር በአምስት ምት የሚሠራ በመሆኑ 32 ልዩ ልዩ ምልክቶች ብቻ ይሰጣል፤ በመቀያየሪያ ቢታጠፍም ወደ 60 ገደማ ነው። አማርኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የግዕዝን ፊደል የሚጽፍ ቴሌፕሪንተር መሥራታቸው እንደ ታላቅ ሥራ የሚቈጠረው ይህ ስሌት ሲታወቅ ነው። በቴሌፕሪንተር መስመር ላይ የሚያልፈው የፊደሉ ሥዕል ሳይሆን ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ አስቀድሞ ከወዲያኛው ጫፍ መሣሪያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ሕጉ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አዘጋጁ፤ ፊደል፣ ሞድኤት፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባሉት ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የያኔው ኮምፒዩተር ለአንድ የፊደል ስብስብ 256 ቦታ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከዚያም ሁሉም ለፊደል ስለማይውል፣ ግዕዙን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ማስቀመጥና አንዳንድ ጊዜም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ስብስቦች መከፋፈል ግድ ሆነ። አደልዳዩ ብዙ ስለነበረ አደላደሉም እንዲሁ ብዙ ሆነ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የለሽ የላቲን ፊደል ድርድር ይሆን ነበር። በኢሜይል ከተላከ ደግሞ የባሰ ነው፤ በሰባት ቢት ብቻ የሚያስተላልፉ የቀድሞ መስመሮች የላይኛውን ቢት ስለሚቈርጡት ፊደሉ በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ ፎንቱ በኋላ ቢገኝም አይመለስም። ጽሑፉ ሳይጠፋ መልኩ ብቻ የጠፋበትና ጽሑፉ ራሱ የጠፋበት ሁለት የተለያዩ አደጋዎች መሆናቸው በግልጽ የታየው በዚያን ጊዜ ነው።

ዩኒኮድ በ1992 ዓ.ም. መባቻ በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን የየራሳቸው ቁጥር ሰጥቶ መዘገበ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በጎንደርም በካርቱምም አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ አንድ መሆኑ ግን ሥዕሉ በሁሉም ዘንድ አለ ማለት አልነበረም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት በ1999 ዓ.ም. ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ እስኪያካትት ድረስ፣ በትክክል የተጻፈ አማርኛ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የባዶ ሣጥኖች ረድፍ ሆኖ ይታይ ነበር።

የኢሜይሉ ፎርም ታሪክም የዚሁ ቅጥያ ነው። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችበት 1989 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አውትሉክ 97 የተባለውን ፕሮግራም ያወጣበት ዓመትም ነው። ከኤክስቼንጅ ጋር ሲሠራ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ቅጽ፣ ለምሳሌ የፈቃድ መጠየቂያ ወይም የዕቃ ማስታወቂያ፣ አዘጋጅቶ በጋራ ማኅደር እንዲጠቀምበት ያስችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሠራተኛው ቅጹን ሞልቶ ሲያስቀምጥ የሚቀመጠው የሞላው ቃልና የቅጹ የመደብ ስም ብቻ ነው። መስመሮቹ፣ ሣጥኖቹ፣ አርእስቶቹ አብረው አይሄዱም። አንባቢው ሲከፍት ፕሮግራሙ ስሙን ይዞ ቅጹን በማኅደሩ፣ በአንባቢው የግል መዝገብና በድርጅቱ የጋራ መዝገብ ይፈልጋል። ካጣው በተራው የደብዳቤ ቅጽ ይከፍተዋል፤ ተራው ቅጽ ደግሞ ለእነዚያ ቃላት ቦታ ስለሌለው ገጹ ባዶ ይሆናል። ቃሉ ግን ከውስጥ አለ።

ስለዚህ ጕዳዩ የገጠመው ባለሙያ የመጀመሪያ ተግባሩ ቃሉ መኖር አለመኖሩን መለየት ነው። ይህም የሚከብድ አይደለም፤ የተፈለገውን ፊልድ በማኅደሩ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ዓምድ ማውጣት ይበቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ፊልዱ በቅጹ ላይ ብቻ ተፈጥሮ በማኅደሩ ካልተመዘገበ ዓምዱም ባዶ ይመስላልና አስቀድሞ እዚያ መጨመር አለበት። ቃሉ በዓምዱ ከታየ ችግሩ የመልክ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በግል መዝገቡ ብቻ ማሳተሙ ነው፤ በእርሱ ኮምፒዩተር ሁሉም ደኅና ስለሆነ ስሞታውን አያምንም። መድኃኒቱ ቅጹን በማኅደሩ ወይም በድርጅቱ መዝገብ እንደገና ማሳተም ነው። ሌላው የቅጹ ሁለት ገጽ መሆን ነው፤ የመጻፊያና የማንበቢያ ገጹ ተለይተው ሲዘጋጁ ሣጥኖቹ በመጻፊያው ብቻ ተቀምጠው ማንበቢያው ይረሳል። አንዳንዴም በኮምፒዩተሩ የተጠራቀመው የቅጹ ቅጂ ተበላሽቶ ወይም አርጅቶ ይገኛል፤ ይህን ማጽዳት የደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ችግሩ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ብቻ ከታየ ከዚህ መጀመር ይገባል። ከ2010 ዓ.ም. መባቻ ወዲህ ደግሞ ማይክሮሶፍት ለደኅንነት ሲል በቅጾች ውስጥ የሚጻፈው የትእዛዝ ኮድ በራሱ እንዳይሠራ ስለከለከለ፣ በኮድ ይሞሉ የነበሩ ሣጥኖች ያለ አንዳች ጥፋት ባዶ የሆኑበት ጊዜ አለ።

ቃሉ በዓምዱም ካልታየ ነገሩ ከባድ ነው። የሚጻፍበት ሣጥን ከፊልድ ጋር ሳይያያዝ የቀረ ከሆነ የተጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው አልተቀመጠም፤ የሚደረገው ላኪውን እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው። ወይም መልእክቱ ከኤክስቼንጅ ክልል ወጥቶ በተራ ኢሜይል መንገድ አልፏል። ልዩ ፊልዶቹ የሚጓዙት ቲ ኤን ኢ ኤፍ በሚባል እሽግ ስለሆነ፣ የውጭው ፕሮግራም ወይ ይጥለዋል ወይ ዊንሜይል ዶት ዳት የተባለ የማይከፈት ዓባሪ አድርጎ ያሳየዋል። ከድንበር ማዶ ላለ ወይም ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ለሚጠቀም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ቅጽ መላክ አይገባም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጹን ከመልእክቱ ጋር አሽጎ መላክ እንደ ነገሥታቱ ባለሁለት ፊደል ማኅተም ሊሆን በተገባው ነበር፤ ዳሩ ግን እንደዚያ ታሽጎ በሚደርስ ቅጽ ላይ ኮዱ እንዳይሠራ ከተከለከለ ቈይቷል።

ይህ ሁሉ ለጠረፍ አካባቢ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ በሦስት ሲከፈል መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ዋና ከተማው ገንዳ ውኃ በሆነው ምዕራብ ጎንደር ዞን ሥር ገቡ። አንድ መዝገብ በሦስት ሲከፈል በየማኅደሩ ያለው ቃል ይገለበጣል፤ ቅጹና ፎንቱ ግን ማንም ካላሰበባቸው በአሮጌው ኮምፒዩተር ይቀራሉ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንዱ ወይም በሌላው የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈ የመሬት ወይም የግብር ሰነድ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ትርጕም የለሽ ድርድር ሆኖ ሲታይ፣ ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል ያሠጋል። ሰነዱን ለይቶ ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ መሣሪያ አለ፤ የሚያስፈልገው በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ነውና የፎንቱን ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ መጻፍ ከሁሉ የቀለለ ጥንቃቄ ነው።

በኢሜይል ቅጽ የሚሠሩ ቢሮዎችም ጊዜያቸው ጠባብ ነው። በድረ ገጽ የሚከፈተው አውትሉክ እነዚህን ቅጾች አያውቃቸውም፤ በቅርብ ዓመታት ለዊንዶውስ የወጣው አዲሱ አውትሉክም አይቀበላቸውም። ቀድሞ የተሞላው ሁሉ ነባሩ ፕሮግራም በእጅ ሳለ ወደ ተራ ሠንጠረዥ ተገልብጦ፣ በየዓምዱ አናት ላይ የፊልዱ ስም በአማርኛ ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል።