ወባ ሽቅብ የወጣበት ዓመት

ዛሬ ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ወባ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ ታሪክ ነው።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከወትሮው በረታ፣ ሙቀቱም ከፍ አለ። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ወባ ሽቅብ ወጣ። በኋላ የወጣው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ ይላል። 150 ሺህ ሰው! ለጦርነቶቻችን ሙሉ ሙሉ ምዕራፍ አለን፤ ይሄንን ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ነገሩ የከፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነበር። ወባ በማይጠፋበት ቆላ ሰው ከልጅነቱ እየታመመ፣ ከሞት የተረፈው አካሉ በመጠኑ ይለምደዋል። ወይና ደገኛው ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ ሕፃን አዋቂ ሳይል ጣለው።

ደጋውን የሚጠብቀው ብርዱ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ 20 ዲግሪ ላይ ግን 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ትንኟ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከዚያ አትቆይም፣ ቀድማ ትሞታለች። እንግዲህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲጨምር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ወቅቱስ? የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ የትንኟን እጭ ጠርጎ ይወስዳል። ዝናቡ ሲያባራና ውሃው በየጉድጓዱ ሲያቋር ነው ጉዱ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ እህሉ ሲደርስ! (ከበልግ ዝናብ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይም አነስ ያለ ወቅት አለው።) ገበሬው በንዳድ ተንቀጥቅጦ ሲተኛ ጤፉ ማሳ ላይ ይረግፋል። የወባው ጣጣ ለከርሞ ረሃብ ይተርፋል ማለት ነው።

ከጣና በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ ይህን ቀድሞ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በተነሣው ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው አልቋል። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ከትልቁ ወረርሽኝ በኋላ ደሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ይረጭ ጀመር።

የድሮ ሰዎች ስለ ተውሳክ ባያውቁም ቆላ ወርደው አርሰው ሲመሽ ሽቅብ ይመለሱ ነበር። ትንኟ የምትነክሰው ማታ ስለሆነ ልክ ነበሩ። የዛሬው ደገኛ ወጣት ግን ሰሊጥ ለማጨድ መተማና ሁመራ የሚወርደው በዚሁ በወባው ወር ነው። ማደሪያውም ሜዳ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ በደሙ ይዞት ይመጣል።

በ1951 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። አያቶች ያሏችሁ ጠይቁልኝና ከታች ጻፉልኝ። በተለይ በዚያ ዓመት እህሉን ማን እንዳጨደው።